ቃል በጊዜው፦ የጥበብ መጻሕፍት በዕለት ኑሮ

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለዕለት ኑሮ እጅግ ቀርበው የሚናገሩት የጥበብ መጻሕፍት ናቸው። ምሳሌ፣ መክብብ፣ ኢዮብ፣ ጥበበ ሰሎሞንና ሲራክ በአብዛኛው ስለ ባሕር መከፈል ወይም ስለ ነገሥታት ጦርነት አይተርኩም። የሚያነሡት ሚዛንን፣ ብድርን፣ ጎረቤትን፣ ማዕድን፣ ልጅ ማሳደግን፣ ቁጣንና ወሬን ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በምትቆጥራቸው 81 መጻሕፍት ውስጥ ይህ ክፍል ሰፊ ቦታ አለው። ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት አንድ አድርገው የሚያነቡት መጽሐፈ ምሳሌ እንኳ በዚህ ሥርዓት ለሁለት ተከፍሎ፣ እስከ ምዕራፍ 24 ያለው ምሳሌ፣ ከ25 እስከ 31 ያለው ደግሞ ተግሣጽ ይባላል። የምዕራፍ 25 መክፈቻ፣ ቀጥሎ ያሉትን የሰሎሞን ምሳሌዎች ገልብጠው ያቆዩት የይሁዳ ንጉሥ የሕዝቅያስ ሰዎች መሆናቸውን ይናገራል። ጥበበ ሰሎሞንንና ሲራክን ካቶሊኮችም ይቀበሏቸዋል፤ በፕሮቴስታንቶች 66 መጻሕፍት ውስጥ ግን የሉም። ሁሉም የሚያነቡት የያዕቆብ መልእክት በአዲስ ኪዳን የዚሁ ትምህርት ወራሽ ነው።

እነዚህ ምክሮች በአንድ ሰው እጅ በአንድ ዘመን የተጻፉ አይደሉም። መጽሐፈ ምሳሌ ከሰሎሞን ሌላ የአጉርን ቃልና የንጉሥ ልሙኤል እናት ለልጇ የሰጠችውን ትምህርት ይዟል። ከምዕራፍ 22 አጋማሽ ጀምሮ ያሉት ምክሮች አሜንኤሞፔ ከተባለ የግብፅ ጸሐፊ ትምህርት ጋር በእጅጉ ይቀራረባሉ። ይህም የታወቀው የግብፁ ጽሑፍ በ1923 እ.ኤ.አ. ታትሞ ሊቃውንት ከመረመሩት በኋላ ነው። ሲራክ ደግሞ በኢየሩሳሌም ወጣቶችን ያስተምር የነበረ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ180 ዓመት ገደማ በዕብራይስጥ የጻፈው ነው። የልጅ ልጁ ወደ ግብፅ ወርዶ ወደ ጽርዕ ቋንቋ ሲተረጕመው በመቅድሙ የሥራውን ዓላማ አስቀምጧል፤ አንባቢው በሕጉ መሠረት መኖርን እንዲማር ነው። ለእርሱ መጽሐፉን አነበበ የሚባለው አኗኗሩ የተለወጠ ሰው ነበር።

አስቸጋሪው ነገር አንድን ምክር ከመጽሐፉ አንሥቶ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰው ፊት ማዋሉ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ራሱ ይህን አልሸሸገም። በምዕራፍ 26 ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አራተኛው ቁጥር ለአላዋቂ እንደ አላዋቂነቱ መመለስን ይከለክላል፤ መላሹ እርሱኑ መምሰሉ አይቀርምና። አምስተኛው ደግሞ እንደ አላዋቂነቱ እንዲመለስለት ያዛል፤ ዝም ከተባለ ራሱን ጠቢብ አድርጎ ይቆጥራልና። የአይሁድ ሊቃውንት ይህን ተቃርኖ በታልሙድ አንሥተው ተከራክረውበታል፤ የደረሱበትም መፍትሔ አምስተኛው ቁጥር ለሃይማኖት ነገር፣ አራተኛው ለዓለማዊ ጉዳይ ነው የሚል ነው። መፍትሔው ይህም ሆነ ሌላ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ሰው አውቆ እንዳደረገው ግልጽ ነው። በእድር ስብሰባ ላይ ለስድብ ስድብ የሚመልስ ሰው አራተኛውን ቁጥር ረስቷል። የጎረቤቱ ስም በሐሰት ሲጠፋ እየሰማ ነገር አልወድም ብሎ አንገቱን የሚደፋ ሰው ደግሞ አምስተኛውን ረስቷል። ሁለቱም ጥቅስ አያጡም፤ ያጡት የትኛው ጥቅስ ለየትኛው ሰዓት እንደ ተሰጠ ማስተዋሉን ነው።

የኢዮብ ወዳጆች ታሪክ ይህንኑ በሰፊው ያሳያል። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር የወዳጃቸውን መከራ ሰምተው ከየአገራቸው መጡ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሕመሙ መክበዱን አይተው አንዳች ቃል አልተነፈሱም። እስከዚህ ድረስ ለቅሶ መድረስ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ጥፋታቸው የጀመረው መናገር ሲጀምሩ ነው። ከተናገሩት ብዙው ለብቻው ቢነበብ የሚነቀፍ አይደለም፤ እግዚአብሔር ጻድቅ መሆኑን፣ ክፋት መልሶ ሠሪውን እንደሚያገኝ፣ የሚመለስ ሰው ምሕረት እንደሚያገኝ ነው የተናገሩት። መጽሐፈ ምሳሌም ደጋግሞ የሚለው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ልጆቹን በአንድ ቀን ላጣ፣ በአመድ ላይ ለተቀመጠ ሰው ይህን ማዝነብ «በድለህ ነው» ከማለት አልተለየም። በመጽሐፉ ፍጻሜ የእግዚአብሔር ቁጣ የወረደው በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው፤ የዳኑትም ኢዮብ ስለጸለየላቸው ነው።

ለቅሶ ቤት ገብቶ ሐዘንተኛን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ዝም ማለት፣ ፍራሽ ላይ አብሮ መዋል፣ ማታ ማታ እየተመላለሱ ማስተዛዘን በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ይህ ልማድ የወዳጆቹን የመጀመሪያ ሰባት ቀናት ይዞ የቀረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልጇን ለቀበረች እናት በሦስተኛው ቀን ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ረጅም ስብከት የሚጀምር ሰው ግን፣ የሚለው ሁሉ እውነት ቢሆንም፣ ከኤልፋዝ ጎን ይሰለፋል። ተግሣጽ በምዕራፍ 25 ላዘነ ልብ ዘፈን መዝፈንን በብርድ ቀን ልብስ ከመግፈፍ ጋር ይቆጥረዋል። በምዕራፍ 27 ደግሞ ማልዶ ተነሥቶ በታላቅ ድምፅ ወዳጁን የሚመርቅ ሰው ምርቃቱ እንደ እርግማን እንደሚቆጠርበት ይናገራል። ሰዓቱን ያልጠበቀ ከሆነ ምርቃት እንኳ ይጎዳል ማለት ነው። መጽሐፉ ለጊዜ የሚሰጠው ይህን ያህል ክብደት ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ይታለፋል።

ከዚህ የከፋም አለ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ፈታኙ ራሱ ከመዝሙረ ዳዊት ጠቅሶ ጌታን ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ጠየቀው፤ የተሰጠው መልስም ከኦሪት ዘዳግም የተወሰደ ሌላ ቃል ነበር። ስለዚህ ጥቅስ መያዙ ብቻ የተግባሩን ትክክለኛነት አያረጋግጥም፤ አንዱ ቃል ከሌላው ጋር ተያይቶ መመዘን አለበት።

የግብፅ በረሃ አባቶች ይህን በተግባር አውቀውት ነበር። ወጣት መነኮሳት ወደ አረጋውያን እየሄዱ የሚኖሩበትን አንድ ቃል ይለምኑ ነበር፤ ቃሉም ለጠያቂው የተመጠነ ነበር። አባ ጴሜን የፓኔፊሱን አባ ዮሴፍን ክፉ ሐሳብ ሲመጣበት ምን ማድረግ እንዳለበት ሲጠይቀው፣ እንዲገባ ትቶ እንዲዋጋው መከረው። በኋላ ከቴቤስ አገር የመጣ አንድ መነኩሴ ይህንኑ ጠይቆ የተቀበለው መልስ ፈጽሞ የተለየ ነበር፤ ሐሳቡ ከቶ እንዳይገባ ገና ከደጅ እንዲቈርጠው ነበር የተነገረው። ጴሜን ይህን ሰምቶ ወደ አባ ዮሴፍ ተመለሰ። አባ ዮሴፍም ለእርሱ የመለሰለት ለራሱ እንደሚናገር አድርጎ መሆኑን፣ እንዲህ ያለው ውጊያ እርሱን እንደሚያበረታው፣ ሌላው ግን ሐሳቡ ቢቀርበው እንደማይጠቅመው አስረዳው። በኢትዮጵያ የንስሐ አባት ቤተሰቡን ለዓመታት እያወቀ፣ ጾሙንም ምጽዋቱንም እንደ ሰው አቅም እየመጠነ ሲመክር የቆየው በዚህ መንገድ ነው። ነፍሰ ጡር፣ ሕመምተኛና ጎልማሳ የሚሰጣቸው ቀኖና አንድ አይደለም። በስልክ ስክሪን ላይ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ የሚደርስ የዕለት ጥቅስ ይህን ሥራ ሊተካ አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ የጥበብ መጻሕፍት የሚመላለሱበት ጉዳይ አንደበት ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ ሦስተኛ ምዕራፍ ታላቅ መርከብ በትንሽ መቅዘፊያ እንደሚመራ፣ ጫካም በትንሽ እሳት እንደሚቃጠል ያነሣል። መጽሐፈ ምሳሌ ደግሞ ወደ ዝርዝሩ ይወርዳል። በምዕራፍ 18 ነገሩን ሳይሰማ መልስ የሚሰጥን ሰው ይነቅፋል። በዚያው ምዕራፍ አስቀድሞ ክሱን የሚያሰማ ሰው ሌላው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ እውነተኛ መስሎ እንደሚታይ ያስጠነቅቃል። የባልና ሚስት ጠብ ለማስታረቅ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ ፍርድ የማይሰጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ጠዋት የደረሰን የሐሜት መልእክት ምሳ ሳይደርስ ለሌላው የሚያሻግር ሰው ግን ሁለተኛውን ወገን የሚሰማበት ጊዜ የለውም። ምዕራፍ 26 እንጨት ሲያልቅ እሳት እንደሚጠፋ ሁሉ ሐሜተኛ ሲጠፋ ጠብ እንደሚበርድ ይናገራል። ከዚህ የሚወጣው ተግባር ቀላል ነው፤ የመጣን ወሬ አለማቀበል ብቻ በቂ ነው፤ ልዩ ትምህርትም ገንዘብም አይጠይቅም።

ገበያ ሁለተኛው ሰፊ መስክ ነው። በጥንቷ ይሁዳ ነጋዴ የሚመዝነው በድንጋይ ነበር፤ አንድ ሰቅል 11 ግራም ከትንሽ ፍርፋሪ ጋር የሚሆን ክብደት እንደነበረው በቁፋሮ የተገኙት ድንጋዮች ያሳያሉ። አጭበርባሪው በከረጢቱ ሁለት ዓይነት ድንጋይ ይይዛል፤ ሲገዛ ከባዱን፣ ሲሸጥ ቀላሉን ያወጣል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 25 ይህን ይከለክላል፤ ምሳሌ ደግሞ በምዕራፍ 11፣ 16 እና 20 ይመለስበታል። አንድ ነገር ይህን ያህል ጊዜ መደጋገሙ በእግዚአብሔር ፊት ሚዛን ከጸሎት ያልተለየ ጉዳይ መሆኑን ያመለክታል። በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ላይ ሙዝ፣ ወተት ላይ ውኃ የሚጨምር ነጋዴ የያዘው ያንኑ ሁለተኛ ድንጋይ ነው፤ እሑድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን መሳለሙ ድንጋዩን ከከረጢቱ አያወጣውም።

እህልን ማከማቸትም እንዲሁ ነው። ምሳሌ 11 በችግር ጊዜ እህል የሚደብቀውን ሰው ሕዝብ እንደሚረግመው፣ ለሚሸጠው ግን በረከት እንደሚሆንለት ይናገራል። ታላቁ ባስልዮስ በ368 እና በ369 እ.ኤ.አ. አካባቢ የቀጰዶቅያን አገር ረኃብ በመታው ጊዜ ይህን ቃል የኖረበት ሰው ነው። ጎተራቸውን ዘግተው ዋጋ የሚጠብቁትን ባለጠጎች በስብከቱ ወቀሰ፤ ከምግብ ያገኘውን ሰብስቦም የተራቡትን እንዲመገቡ አደረገ። ኋላም በቂሳርያ ዳርቻ ለሕሙማንና ለእንግዶች ማረፊያ አሠራ።

የሠራተኛ ደመወዝ ጉዳይ ከሚዛን ጋር አንድ ላይ ይሄዳል። ዘዳግም 24 የቀን ሠራተኛ ዋጋውን ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲቀበል ያዛል፤ ምክንያቱም ድሃ ነው፤ ነፍሱም በዚያው ዋጋ ላይ ናት። ያዕቆብ በምዕራፍ 5 የተከለከለው የአጫጆች ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ይናገራል። ሲራክ ደግሞ የሠራተኛን ደመወዝ መከልከልን ከደም ማፍሰስ ጋር ያስተካክለዋል። ወደ ቤይሩትና ወደ ገልፍ አገሮች የሄዱ ኢትዮጵያውያት የወራት ደመወዛቸው ሲያዝባቸው በየቤቱ ኀዘን ይሆናል፤ ኀዘኑም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ያው ቤት ከገጠር የመጣች ሠራተኛውን «ተጠራቅሞ ይሰጥሻል» እያለ ወር ከወር የሚያሻግር ከሆነ ያዕቆብ የሚናገረው ለእርሱ ነው። የእምነት ሰው ቤቱን በዚህ ጉዳይ ቢፈትሽ የሚያገኘው ነገር ብዙ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን ተወስኗል ወይ፣ የዕረፍት ቀን አላት ወይ፣ የምትበላውስ ከማን ማዕድ ነው?

ዋስትና ደግሞ ሁለት መጻሕፍት በግልጽ የሚለያዩበት ጉዳይ በመሆኑ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። መጽሐፈ ምሳሌ ዋስ መሆንን አጥብቆ ይጠላል። በምዕራፍ 6 ለባልንጀራው ዋስ የሆነ ልጁን እንዳይተኛ፣ ሄዶ ራሱን አዋርዶ እንዲለምን፣ ከአዳኝ እጅ እንደሚያመልጥ ሚዳቋ እንዲሮጥ ይመክረዋል። በምዕራፍ 22 የሚከፍለው የሌለው ዋስ የተኛበት አልጋ ሳይቀር እንደሚወሰድበት ያሳስባል። ሲራክ በምዕራፍ 29 የሚናገረው ግን ሌላ ነው፤ ደግ ሰው ለጎረቤቱ ዋስ ይሆናል፣ የተዋሰለትም ውለታውን መርሳት የለበትም ይላል። እዚያው ላይ ግን ዋስትና ብዙ ባለሀብቶችን እንዳጠፋ አስታውሶ፣ ሰው ጎረቤቱን በአቅሙ መጠን እንዲረዳና ራሱ እንዳይወድቅ እንዲጠነቀቅ ይጨምራል። ይሁዳ ለብንያም በአባቱ ፊት ራሱን ዋስ ማድረጉን ኦሪት ዘፍጥረት አይነቅፍም። ጳውሎስም ለፊልሞና በጻፈው አጭር መልእክት ስለ አናሲሞስ የጎደለው ነገር ቢኖር በእርሱ ላይ እንዲቆጠር፣ እርሱም እንደሚከፍል በእጁ ጽፏል።

ዋስትና በአገራችን የየዕለት ጉዳይ ነው። እቁብ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ዋስ ያቀርባል። ገንዘብ ያዥ፣ ጥበቃ ወይም ሹፌር ለመቀጠር ብዙ ጊዜ የዋስ ደብዳቤ ይጠየቃል። አነስተኛ የብድር ተቋማት አንዱ ለሌላው በሚዋስበት ቡድን ያበድራሉ። የዘመድ ልጅ ሥራ አግኝቶ ዋስ ሲያጣ «ይቅርታ፣ ምሳሌ 6ን አንብቤአለሁ» ማለት ጭካኔ ነው፤ በሌላ በኩል መጠኑ ባልታወቀ ዕዳ ላይ ፈርሞ የልጆቹን ቤት ማጣት ሞኝነት ነው። ሁለቱን መጻሕፍት አብሮ የሚያነብ ሰው መንገድ አለው። የሚዋስለትን ሰው ያውቀዋል፤ መጠኑን ይጠይቃል፤ ቢጠፋ ልጆቹን ሳያስርብ ሊከፍለው የሚችለውን ብቻ ይፈርማል፤ ከመፈረሙ በፊትም ከትዳር ጓደኛው ጋር ይመካከራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1922 ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተገለጸበት የዋስትና ውል እንደማይጸና መደንገጉም ለዚህ ጥንቃቄ ይረዳል። አቅሙ ያልፈቀደለት ሰው ደግሞ በግልጽ ተናግሮ በሌላ መንገድ ማገዝ ይችላል፤ የመጓጓዣ ገንዘብ መስጠት ወይም ሌላ ዋስ አብሮ መፈለግ እርዳታ ነው።

ሕመምን በተመለከተ ሲራክ በምዕራፍ 38 ያስቀመጠው ትምህርት ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የተለየ ትርጉም አለው። ሐኪምን አክብር ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው፤ አስተዋይም አይንቀውም። የታመመ ሰው ይጸልይ፣ ከኃጢአቱ ይመለስ፣ መሥዋዕቱንም ያቅርብ፤ ከዚያም ለሐኪም ቦታ ይስጠው። በምዕራፉ ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም፤ አንዱ ሌላውን እየተከተለ ይመጣል። በእንጦጦ ማርያም ጸበል ይጠመቁ የነበሩ ብዙ የኤች አይ ቪ ሕሙማን የጀመሩትን መድኃኒት አቋርጠው በነበረበት ዘመን፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን በይፋ ተናገሩ። ይህ የሲራክን ምዕራፍ ለዘመኑ ሰው ማዋል ነበር። ቃሉ በእርግጥ ሕይወት ሊያተርፍ የሚችልበት ሰዓት ነበር፤ ከእንግዲህም ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ምእመናን በጾምና በጸበል ወቅት መድኃኒታቸውን ሲተዉ ይኸው ትምህርት ሊነገራቸው ይገባል።

አንዳንድ ክፍሎች ደግሞ ለተሳሳተ ሰው ሲነገሩ ይኖራሉ። የምሳሌ ምዕራፍ 31 ባለሙያ ሴት በሠርግ ዕለት ለሙሽራዋ ትነበባለች፤ ማልዳ የምትነሣ፣ እርሻ ተመልክታ የምትገዛ፣ እጇን ለድሃ የምትዘረጋ ሴት እንድትሆን። ይሁንና ምዕራፉ የሚከፈተው አንዲት እናት ንጉሥ ልጇን በምትመክርበት ቃል ነው፤ ሰሚው ወንድ ልጅ ነው። መጨረሻውም ሴቲቱ ከእጇ ፍሬ እንዲሰጣት፣ ሥራዋም በአደባባይ እንዲያመሰግናት ያዛል። ስለዚህ ምዕራፉ ለሙሽራው ቢነበብ ይበልጥ በቦታው ይውላል፤ የሚስቱን ድካም እንዲያይ፣ ገቢዋንም የእርሷ አድርጎ እንዲቆጥር ያስተምረዋል።

ይህን ሁሉ ማን እንዴት ያነበዋል የሚለው ጥያቄ ይቀራል። መጽሐፈ ምሳሌ 31 ምዕራፎች ስላሉት በየቀኑ አንድ ምዕራፍ እያነበቡ በወር የሚጨርሱት ሰዎች አሉ። ንባቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ምሳሌዎቹ አጫጭር በመሆናቸው በአንድ ጊዜ 30 ምክር የሰማ ሰው ማታ አንዱንም አያስታውስም። የሚሻለው ምዕራፉን አንብቦ አንድ ቁጥር መያዝ ነው፤ በዕለቱ ከሚጠብቀው ሥራ ጋር የሚገናኘውን። ዛሬ ደመወዝ የሚከፍል ሰው ስለ ሠራተኛ የሚናገረውን፣ ዛሬ ለሽምግልና የሚቀመጥ ምዕራፍ 18ን ይያዝ። ምሳሌ በምዕራፍ 11 እና በ15 ምክር በሌለበት ሐሳብ እንደሚከሽፍ ስለሚናገር፣ ከባድ ውሳኔ ያለበት ሰው ቃሉን ብቻውን ይዞ ባይወስን ይመረጣል። የንስሐ አባት፣ መጋቢ፣ የትዳር ጓደኛ ወይም ጉዳዩን የሚያውቅ ታማኝ ወዳጅ ሊነግረው የሚችለው አንድ ነገር አለ፤ ያነበበው ቁጥር ለእርሱ ጉዳይ የሚሆነው እንደሆነና እንዳልሆነ። ማታ ደግሞ ቃሉ በቀኑ ውስጥ የት እንደዋለ ማሰብ ይበቃል፤ ያልዋለበት ቦታ ከተገኘ በማግስቱ ለዚያው ሰው ይቅርታ መጠየቅ ወይም የተያዘውን ሒሳብ መክፈል ይቻላል።